ለፈጣሪ ዋስ የቆመች ሴት

የሚዛንና የመለኪያ ጽሕፈት ቤት ሥራው የነጋዴን ሚዛን መመርመር ነው። መርማሪዎቹ ጠዋት የነሐስ ክብደቶቻቸውን በቦርሳ ይዘው ይወጣሉ። ሥጋ ሻጩ ጋ፣ ወርቅ ሠሪው ጋ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ይደርሳሉ። ትክክለኛ ሆኖ የተገኘው ሚዛን ላይ የቢሮውን ምልክት ይመታሉ፤ የተጭበረበረውን ያሽጋሉ፣ ባለቤቱንም ያስቀጣሉ። ከሰዓት በኋላ የሰው ማጭበርበር አድክሟቸው ይመለሱና ሻይ ይጠጣሉ። ሻዩ ከተጠጣ በኋላ ማንኪያው ይጠፋል።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው የሻይ ክፍሉ ኃላፊም፣ ሻይ አፍይም፣ ብርጭቆ አጣቢም የሆነችው እትዬ ስኳር ናት። እትዬ ስኳር የሚሏት አንደበቷ ስለሚጣፍጥ አይደለም፤ የስኳር ዕቃው ላይ እንደ ዘብ ስለምትቆም ነው። ሁለተኛ ማንኪያ የሚጨልፍ ሰው ሲኖር ታስላለች። ሦስተኛ የሚጨልፈውን ስለ ጤንነቱ ትጠይቀዋለች። ስኳሩን እንዲህ አድርጋ አድናዋለች። ማንኪያውን ግን ሳልም ጥያቄም አላዳነውም።

ክፋቱ፣ ማንኪያ ሲጠፋ ሌባ የሚባል ሰው አይገኝም። ሻዩን ይዞ ወደ ጠረጴዛው የሄደው ሁሉ ብርጭቆውን ይመልሳል፤ ማንኪያው ግን ወረቀት መሐል ይቀራል፣ ከዚያ መሳቢያ ይገባል፣ ከመሳቢያ ኪስ፣ ከኪስ ቤት። ስትጠይቃቸው ማንም አይቆጣም። «ማንኪያ?» ይሏታል፣ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማ ሰው። አንዱ መርማሪ እንዲያውም ቁጭ ብሎ አስረድቷታል። የመንግሥት ንብረት የሁላችንም ነው፤ የሁላችንም ከሆነ የእሱም ድርሻ አለበት፤ ሌላው ድርሻውን በመኪና ሲወስድ እሱ በማንኪያ ከወሰደ ቢሮውን እንደማገዝ ነው የሚቆጠረው። እትዬ ስኳር ይህን ሰምታ ለረጅም ጊዜ መልስ ፈልጋለች። እስከ ዛሬ አላገኘችም።

በቢሮው ውስጥ የሥነ ምግባር ክፍል ኃላፊ አለ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ቀጠን ያለ፣ ንጹሕ ሰው ነው። ለችግር ሁሉ መመሪያ ስላለው፣ ለሌለውም ስለሚያወጣ፣ ሠራተኛው በሌለበት «መመሪያ» ይለዋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሐሰት ሲያይ ከልቡ የሚያዝን ነው። የማንኪያውን ጉዳይ ሲሰማ ያደረገውም የሚዛን ቢሮ ሰው ብቻ የሚያደርገውን ነገር ነበር። አዲስ ማንኪያ ተገዝቶ ሲመጣ በእያንዳንዱ እጀታ ጀርባ ላይ የቢሮውን የማረጋገጫ ምልክት፣ ያቺን ትንሽዬ ሚዛን፣ አስመታበት። ሐሳቡ ቀና ነው፤ ምልክት የተመታበትን የመንግሥት ዕቃ ማን ደፍሮ ቤቱ ያስቀምጣል?

በወር ያልቁ የነበሩት ማንኪያዎች በሳምንት አለቁ። በኋላ እንደተሰማው፣ ልጅ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ሽሮፕ የሚለካበት ማንኪያ ሲቸግረው ኖሯል። ልኩ በመንግሥት የተረጋገጠ፣ ምልክት የተመታበት፣ በዚያ ላይ በነጻ የሚገኝ ማንኪያ ደግሞ ከእትዬ ስኳር መሳቢያ በቀር በከተማው የትም የለም።

በዚህ ጊዜ ዋና ሥራ አስኪያጇ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። የሚሉትን ባጭሩ አሉ። ማንኪያ ለመጨረሻ ጊዜ ይገዛል፣ ምልክትም ይመታበታል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይቆጠራል። ከጎደለ ሻይ ክፍሉ ይዘጋና ማሽን ይመጣል፤ ቁልፉን ሲጫኑት ሻዩን በወረቀት ኩባያ የሚቀዳ፣ ለማማሰያም ቀጭን እንጨት የሚሰጥ። አንድ ሰው ከኋላ «እትዬስ?» ብሎ ጠየቀ። ማሽኑ ሰው አይፈልግም አሉ ዋናዋ። ሲናገሩ ጣሪያውን እያዩ ነበር፤ ክፉ ሴት ስላልሆኑ።

እትዬ ስኳር ደመወዟን አሰበች። ባሏ መንገድ ዳር ያለች፣ ሰው ቆሞ ብቻ የሚገባባት የቁልፍ መቅረጫ ሱቅ አለችው። የሱቋ ገቢ ቤቱን ኪራይ ድረስ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ የልጃቸውን የነርስነት ትምህርት ጨምሮ፣ የተሸከመችው ይቺ ሻይ ክፍል ናት። በስብሰባ ላይ «ስኳር አልቋል» ከማለት ያለፈ ቃል ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ግን ተነሣች።

የጎደለው ማንኪያ አይደለም አለች። የጎደለው ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። ከላይ የሚያየው እንዳለ የሚያምን ሰው፣ ሰው በሌለበትም እጁን ይሰበስባል። ያንን ያላመነ ግን ማንኪያው ላይ ቀርቶ ግንባሩ ላይ ምልክት ቢመቱበት አይመለስም። ይህን ብላ ልትቀመጥ ስትል የሥነ ምግባር ኃላፊው በትሕትና እጁን አወጣ። እምነት የእያንዳንዱ ሰው የግል ጉዳይ ነው አለ። እየጸለዩ የሚሰርቁም ሞልተዋል።

«ሰው የሚታነጸው በሥርዓት ነው፣ እትዬ። ቅጣቱ ከታወቀና ክትትል ካለ ይስተካከላል።»

«እኔስ ክትትል አይደል እንዴ የምልዎት?» አለች። «ከእሱ የበለጠ የሚከታተል ማን አለ?»

አዳራሹ ሳቀ። ዋናዋ ሰዓታቸውን አዩ። የምሳ ሰዓት ነበር። «ምልክቱ ተሞክሮ አልሠራም» አሉ፤ «እስቲ ደግሞ የእትዬ ይሞከር።» በቃለ ጉባኤውም ላይ በእግዚአብሔር ማመን ለሙከራ ትግበራ እንዲውል ተወሰነ።

መጀመሪያ ያጣላው ጽሑፉ ነው። ሻይ ክፍሉ ውስጥ ሰሌዳ እንዲሰቀል ሁሉም ተስማማ፤ ምን ተብሎ ይጻፍ ሲባል ግን አንዱ «እግዚአብሔር»፣ ሌላው «አላህ»፣ ሦስተኛው «ጌታ» ይባል አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንኪያ ሲሰርቁ ምንም ልዩነት አልነበራቸውም። ሹፌሩ፣ ነገር የማያመልጠው ሰው፣ ሦስቱም ይጻፉና ሌባው በየትኛው እንደሚደነግጥ እንይ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በመጨረሻ «ፈጣሪ ያያል» ተብሎ ጸደቀ። የእጅ ጽሑፏ ያማረው ገንዘብ ያዥ በሰማያዊ ቀለም ሳንቃ ላይ ጻፈችው፤ ከማንኪያው መሳቢያ በላይ፣ ከእትዬ ስኳር ወንበር ራስጌ ተሰቀለ።

ሰሌዳዋ ሠራች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው ሻይ ሊቀዳ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ስኳር እንኳ ሳይሳልበት ቀነሰ። ድርሻውን በማንኪያ ይወስድ የነበረው መርማሪ ሻዩን ሳያማስል መጠጣት አመጣ፤ ምክንያቱን ስትጠይቀው ነገሩ ውስጥ መግባት እንደማይፈልግ ነገራት። እትዬ ስኳር አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ኃላፊው ሲያልፍ ባየች ቁጥር መሳቢያዋን ከፍታ፣ ምንም እንዳልፈለገች ሁሉ፣ ማንኪያዎቹን ታንኳኳለች።

ሰው ግን ምን የማይለምደው ነገር አለ? ቆይቶ አንዱ ኮቱን ሰሌዳዋ ላይ ሰቀለ፤ ሌላ መስቀያ ጠፍቶ ነው አለ። ሌላው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ማማሰል ለመደ። አንድ ቀን እትዬ ስኳር ብርጭቆ አጥባ ስትመለስ ሰሌዳዋ ወደ ግድግዳው ዞራ አገኘቻት። የዚያን ዕለት ማንኪያዎቹን ስትቆጥር ጎድለዋል። በማግስቱም ጎደሉ።

ለሥራዋ መፍራቷ አይቀርም፣ ፈራች። ግን ከዚያ የባሰ ያስጨነቃት ሌላ ነው። ምልክቱ ሲከሽፍ ያፈረው ኃላፊው ነበር። አሁን ማንኪያው ቢጎድል የሚያፍረው ማን ነው? ያ ሸሚዙን የሚቆልፍ ሰው ተነሥቶ «የእትዬም ዘዴ እንደሚታወቀው አልተሳካም» ሲል በዐይነ ኅሊናዋ ታያት። ዘዴ! ሰማይና ምድርን የፈጠረ ጌታ በሻይ ማንኪያ ምክንያት በቃለ ጉባኤ ሊወድቅ ነው። በነጋታው ከቤቷ ሁለት ማንኪያ በሻሿ ጠቅልላ መጣች።

ቆይታ ሁለት ጨመረች። ከእህቷ ቤት «እንግዳ መጣብኝ» ብላ ተዋሰች። የገዛ ቤቷ ውስጥ የሻይ ማንኪያ እየነጠፈ ሄደ፤ ልጅቷ በሹካ ጀርባ ማማሰል ጀመረች። ባሏ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ሲያይ ሰነበተ። አንድ ምሽት ከመሣሪያ ሣጥኑ ያልተቀረጸ ቁልፍ አወጣና ሻዩን አማሰለበት፤ ላስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው።

«ሴትዮ፣ ማንኪያው የት ነው የሚሄደው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ፈልገዋ።»

ፈለገው። ለነገ ያዘጋጀችውን ቦርሳ ከፈተና በሻሽ የተጠቀለሉትን የመጨረሻዎቹን ማንኪያዎች አገኘ። አንዷ ልጃቸው ጥርስ ስታወጣ እየነከሰች ጫፏን ያጎረበጠቻት ናት። ሚስቱን ቀና ብሎ አያት።

«እኔ የማውቀው ሰው ማንኪያ ከቢሮ ወደ ቤት ሲያመጣ ነው» አላት። «አንቺ ከቤት ወደ ቢሮ ትወስጃለሽ። ሌብነቱን በተቃራኒ ነው የያዝሽው።»

ሁሉንም ነገረችው። ይህ ሰው ስለ እምነት ሲነሳ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው ሁሉ ፈጣሪን ቢፈራ ኖሮ ቁልፍ የሚገዛኝ አላገኝም፣ እኔ የምኖረው በሰው ጥርጣሬ ነው ይላል። እሷም ይህን በሰማች ቁጥር ስለ እሱ ነፍስ ትጸልያለች። አሁን ግን አላሾፈባትም። ማንኪያዋን በጣቶቹ መሐል እያገላበጠ ጨርሳ እስክትናገር ጠበቃት።

«ስለዚህ ለፈጣሪ ዋስ ቆመሻል» አለ።

«አታሹፍ። እሱ እንዲያፍር አልፈልግም።»

«ዋስ ጠይቆሻል?»

እሷ ግን ሌላ ነገር ነበራት። ስብሰባው ላይ ሲቆጠር ንብረት ክፍሉ እያንዳንዱን ማንኪያ ገልብጦ ምልክቱን እንደሚያይ ነገረችውና የመሣሪያ ሣጥኑን ታየው ጀመር። ቁልፍ ሠሪው ነገሩ ሲገባው ማንኪያዋን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። የሠፈራቸው ሥጋ ሻጭ ሱቁ የታሸገው የቢሮውን ምልክት አስመስሎ ሲመታ ተይዞ እንደሆነ አስታወሳት። የከሰሰውም የሷ ቢሮ እንደሆነ፣ ያን ጊዜም «ይበለው፣ ፈጣሪን የማይፈራ!» ያለችው እሷ ራሷ እንደሆነች አስታወሳት።

«እሱ ለኪሱ ነው ያደረገው» አለች። «እኔ ለክብሩ ነው።»

«ለማን ክብር?»

«ትሠራለህ አትሠራም?»

ሠራ። የገዛ እጁ ሥራ ግን አስቸገረው። የቢሮው ምልክት ላይ ያለችው ሚዛን፣ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም እንጂ፣ ወደ አንድ ወገን ዘመም ያለች ናት። የቁልፍ ሠሪው ሚዛን ቀጥ ብላ ወጣችበት። ከቢሮው ጋር እንድትመሳሰል ደጋግሞ አዛብቶ መሥራት ነበረበት፤ እስኪለምደውም ብዙ ብረት አበላሸ።

ከዚያ በኋላ መሳቢያው ሞልቶ ዋለ። ቀደም ብላ የወሰደቻቸውንም እየመለሰች አስመታች፤ የጠፋ እንደሆነ ከእህቷ በተዋሰችው በማግስቱ ይተካል። ወሬው ከፎቅ ፎቅ ተሠራጨ፤ ሰሌዳዋ ይዛለች ተባለ። ማንኪያ የወሰዱት ራሳቸው ሌሎቹ መለሱ ብለው ስላሰቡ የሰው ልጅ መለወጡን አደነቁ። እትዬ ስኳርን የሚያደንቃትም በዛ፤ አንዷ ጸሐፊ ለታመመች እናቷ እንድትጸልይላት ስሟን ነገረቻት። እትዬ ስኳር ስሙን ተቀብላ ሻሿን አጠበቀች። ሻሿ ውስጥ ማንኪያ ነበር።

ሠራተኛው ሰሌዳዋን የሚያያት ሻይ እስኪቀዳ ነው። እትዬ ስኳር ግን ወንበሯ ከሥሯ ነው። ቀና ስትል «ፈጣሪ ያያል»፤ ስኳር ልትሞላ ዞር ስትል «ፈጣሪ ያያል»፤ መሳቢያውን ስትከፍት የማንኪያው ሆድ ላይ ፊደሎቹ ተገልብጠው ይታዩዋታል። ወንበሯን አዛወረች፣ አንገቷ ታመመ። ፎጣ አሰጣችባት፤ ፎጣው ሲደርቅ ግን ብርጭቆ መጥረጊያ ስለሌላት ማንሳት ግድ ሆነባት።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ የሥነ ምግባር ኃላፊው ሻይ ክፍሉ በር ላይ ቆመ። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተከፍቷል። እትዬ ስኳር የታመመ መሰላት። ገባ፣ መሳቢያውን ሳበ፣ ማንኪያዎቹን እያነሣ አየ፤ አንዱን ገለበጠና ምልክቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ያቺ የልጇ ጥርስ ያረፈባት ናት።

«ሁሉም አሉ፣ እትዬ።»

«አሉ» አለች፤ ይህ እንኳ እውነት ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ እንደቆየ፣ ብዙ መመሪያ እንደጻፈ፣ ከጻፋቸው አንዱንም ሲፈጸም እንዳላየ ነገራት። ልጅ ሆኖ እናቱ ማታ ማታ ራሱ ላይ እጇን አድርጋ ትጸልይለት ነበር። ትምህርቱ ሲገፋ ነገሩን የአላዋቂ አድርጎ ተወው። ቀጥሎ የሚለውን ሲናገር ሲጋራ መጀመሩን የሚናዘዝ ጎረምሳ ይመስል ነበር።

«ሰሞኑን… ከመተኛቴ በፊት ትንሽ ትንሽ ጀምሬያለሁ።»

እትዬ ስኳር ወንበሯን ያዘች።

«ነገ በስብሰባው ተነሥቼ እመሰክራለሁ» አለ። ማንኪያዋን ከፍ አደረጋት። «ለበላይ መሥሪያ ቤትም እጽፋለሁ፤ በየቅርንጫፉ እንዲሰቀል። ሰው ሲለወጥ ያየሁበት ማስረጃዬ ይቺ ናት።»

በዚያ ምሽት ባሏ ምን ሆነሻል ቢላት ራሴን አሞኛል አለችው። ጸሎት ልታደርስ ተንበርክካ ምን እንደምትል ጠፋት። ሁልጊዜ የምትለምነው ነገር አታጣም ነበር፤ አሁን ግን ስለ ማንኪያው ለመለመን አፈረች፣ ስለ ሌላ ነገር ብትለምን ደግሞ ማንኪያውን የደበቀች ሊመስልባት ነው። ሳትጸልይ ተነሣች።

ስብሰባው ላይ ንብረት ክፍሉ ማንኪያዎቹን በሠራተኛው ፊት እየገለበጠ ቆጠረ። ሲጨርስ «ሙሉ ነው» አለ። ጭብጨባው አዳራሹን ነቀነቀው። ዋናዋ ፊታቸው ፈካ፤ ማሽኑ እንዲቀር፣ ሻይ ክፍሉም እንዲቀጥል ወሰኑ። የሻይ ክፍሉ ጉዳይ አለቀ። እትዬ ስኳር እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ቁጭ ብላለች፤ ከጎኗ ያለችው ገንዘብ ያዥ ትከሻዋን እያሻሸች እንኳን ደስ ያለሽ ትላታለች። ከዚያ የሥነ ምግባር ኃላፊው ተነሣ። ወረቀት አልያዘም። ወረቀት ሳይዝ ሲነሣ ታይቶ አይታወቅም።

«እኔ ተሳስቼ ነበር» ብሎ ጀመረ። «ይህን ያደረገው ፈጣሪ…»

«ግማሾቹ የእኔ ናቸው» አለች እትዬ ስኳር።

መቆሟን ራሷም አላወቀችም። ሰው ትሕትናዋን በቀልድ የገለጸች መስሎት እንደገና አጨበጨበ። ጭብጨባው እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረባት፤ በሕይወቷ የዚያን ያህል የረዘመ ጭብጨባ ሰምታ አታውቅም።

«ከቤቴ ያመጣኋቸው ናቸው። የቢሮውማ እንደ ድሮው ጠፍተዋል። ምልክቱንም አስመስዬ ያስመታሁት እኔ ነኝ።»

ምልክት አስመስሎ መምታት በዚያ ቢሮ ውስጥ እንደ ነፍስ ግድያ ነው። ሹፌሩ ለጎረቤቱ «ቁልፍ ሠሪው!» ሲል ተሰማ። የሥነ ምግባር ኃላፊው እንደቆመ ቀርቷል።

«ማንም አላወቀም እኮ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ሻይ ክፍሉ ድኖ ነበር፣ እትዬ። ተወስኖ ነበር።»

«ድኖ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተናገሩ?»

«እናንተ ሻይ ቀድታችሁ ትሄዳላችሁ» አለች። «እኔ ቀኑን ሙሉ ከሰሌዳዋ ሥር ነው የምቀመጠው። እንዴት ሆኜ ልቀመጥ?»

ዋናዋ ብዕራቸውን ከፍተው ዘጉ፤ መልሰው ከፈቱ። ሕግ ሕግ ነው፣ ውሳኔው ተሽሯል፣ ማሽኑ ይመጣል አሉ፤ አሁንም ጣሪያውን እያዩ ነው። ሰው ሲበተን አንዱ መርማሪ ሙከራው እንዳልተሳካ ሲናገር ሹፌሩ ቀበል አደረገው። «አልሠራችም አትበል» አለው፤ «አንድ ሰው ይዛለች።»

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ስኳር ሽርጧንና የግሏን ማንቆርቆሪያ ልትወስድ መጣች። ሻይ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ማንኪያ አለ። ምልክት የተመታበት፣ የቢሮው፤ ያስቀመጠው ሰው ግን የለም። ውሃ ልትጥድ ዞር ብላ ስትመለስ ሦስት ሆኖ ጠበቃት። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ መደበቁም ሰለቻቸው፣ ይገቡ ጀመር። አንዱ ከኮቱ ገበር ውስጥ እንዳገኘው፣ ሌላው የባለቤቱ ጥፋት እንደሆነ ነገራት። የድርሻው መርማሪ ድርሻውን በላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣና ያለ ንግግር ዘረገፈው። የዋናዋ ጸሐፊ በኤንቬሎፕ ያመጣችውን ማን እንደላከው አልተናገረችም፤ እትዬ ስኳርም ጣሪያውን አየች እንጂ አልጠየቀችም።

ሰው ደግሞ አንዴ መመለስ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ከቀትር በኋላ የመጡት ማንኪያዎች የቢሮው አልነበሩም። የሆቴል ስም የተጻፈባቸው መጡ። የሆስፒታል መጡ። ከአውሮፕላን የተወሰደ አንድ መጣ፤ ያመጣው ሰው አውሮፕላን መሳፈሩን እስከዚያ ቀን ማንም አያውቅም ነበር። አንዲት ሴት ከባሏ እናት ቤት ከሠርጓ ማግስት የወሰደችውን የወጥ ጭልፋ አምጥታ፣ ለአማቷ መመለስ ስለማይቻል እዚህ ይሁን ብላ አስቀመጠች። ጠረጴዛው ሞልቶ ወለሉ ላይ ተከመረ። ሹፌሩ በበሩ ብቅ ብሎ አየና «ባለ መኪኖቹስ መቼ ነው የሚመልሱት?» ብሎ ሄደ።

የሥነ ምግባር ኃላፊው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በሶፍት የተጠቀለለች አንዲት ማንኪያ ከውስጥ ኪሱ አወጣ።

«ይቺን የወሰድኩት ምልክቱ በትክክል መመታቱን ልመረምር ነበር» አለ።

እትዬ ስኳር ማንኪያዋን አየቻት። ሆዷ ውስጥ የደረቀ ሮዝ ሽሮፕ አለ። ኃላፊውም አየው። አንገቱ ድረስ ቀላ።

«ልጄ ያስለው ነበር» አለ በቀስታ። «ይህንንም ለእርስዎ ሳልነግርዎት መተኛት አልቻልኩም።»

«ያንን ማታ ማታ የጀመሩትንስ? ተዉት?» አለችው፤ ቀና ብላ ልታየው ፈርታ ማንኪያዋን እያጠበች ነበር። «በውሸት ማንኪያ ነው ያስጀመርኩዎት።»

«ያስጀመረኝ ውሸቱ ነው» አለ። «ትናንት ሲነሡ ካየሁ በኋላ ግን እንዴት ልተወው እችላለሁ?»

ማሽኑ መጣ። ሊተከል ግን አልቻለም። ንብረት ክፍሉ የተመለሰውን ሲቆጥር ከተገዛው በልጦ ተገኘ፤ ለጎደለ ንብረት ደንብ አለ፣ ለተረፈ ግን የለም። ጭልፋው ራሱ በየትኛው መደብ እንደሚመዘገብ ሳምንቱን ሙሉ አከራከረ። የትርፍ ማንኪያ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ማጣራቱ እስኪያልቅም ከሻይ ክፍሉ ምንም ነገር እንዳይወጣ፣ ንብረቱን የተረከበችው ሠራተኛም እንዳትነሣ ታገደ። ኮሚቴው እስከ ዛሬ እየተሰበሰበ ሻይ ይጠጣል። ማሽኑ ኮሪደር ላይ በካርቶኑ ቆሟል፤ ሰው ኮት ያስቀምጥበታል።

ኃላፊው ለሐሰተኛው ምልክት ቅጣት አወጣ፤ የመታው ሰው ራሱ መጥቶ እንዲያጠፋው። ከመመሪያዎቹ ሁሉ የተፈጸመችው ይቺ ናት። ቁልፍ ሠሪው ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ከሰሌዳዋ ሥር፣ ከሚስቱ ወንበር አጠገብ ተቀምጦ ሞረዱን አወጣ። ማንኪያ እያነሣ ሚዛኗን ይሞርዳታል፣ ከዚያ በጨርቅ ያሻሻል፣ ወደ ብርሃኑ ያነሣል፣ እንደገና ይሞርዳል። የልጃቸው ጥርስ ያረፈባት ላይ ሲደርስ ጥርሱን እንዳይነካ ተጠንቅቆ ከሌሎቹ አስበልጦ ቆየባት። ኮሚቴው ሻይ እየጠበቀ ነው፤ እትዬ ስኳር ትዕግሥቷ አለቀ።

«ጨርስ እንጂ አንተ ሰውዬ! ጠፍቷል እኮ። ከጀርባው በኩል ማን ያየዋል?»

ሞረዱ ቆመ። ባሏ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ እሷን አልፎ ወደ ላይ፣ ወደ ሳንቃዋ አየ። እትዬ ስኳር ራሷ የተናገረችው ቃል ጆሮዋ ደረሰ። ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና የስኳር ዕቃውን ክዳን አጥብቃ ዘጋችው።

«እሺ» አለች፤ «ቀስ ብለህ ሥራ።»